ለአውራ ጣትሽ የተውኩት ቦታ

ከእማዬ ሱቅ፣ ረቡዕ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምናፍቅሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዛሬ በአንቺ አመካኝቻለሁ። መምህራችን አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እሺ ማለትም እንቢ ማለትም ሲያቅተኝ ጊዜ፣ «ታላቅ እህቴን ጠይቄ ልንገርዎት» አልኳቸው። እሳቸውም ትንሽ አዩኝና፣ «መልካም፣ ጠይቂያትና ነገ ጠዋት ንገሪኝ» አሉኝ። ደብዳቤ አንቺ ጋ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸውም ሳይገባቸው የቀረ አይመስለኝም። ያም ሆኖ እጠይቃታለሁ ካልኩ አይቀር ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው።

ወይ ጉድ፣ ሰላም ሳልልሽ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። እንዴት ነሽ እታለሜ? ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ እንዳልሽ እያሰብኩ የእኔም ወገብ ያመኛል። ዓይንሽስ? ባለፈው በስልክ «ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ እያለኝ ነው፣ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም» ስትዪ እማዬ ሰምታ፣ «በዚህ ዕድሜዋ!» እያለች ሁለት ቀን ስትነጫነጭ ከረመች። ያ ፉጨት የሚወደው አለቃችሁስ አሁንም ያፏጫል? አብራሽ የምትኖረው፣ ሳቋ በስልክ ውስጥ አልፎ ጎረቤት የሚሰማላት ጓደኛሽስ ደህና ናት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏታል። አባዬ እንደ ወትሮው ከሱቁ አጠገብ ጫማውን ይጠግናል። ትንሿ እህታችን ሁለት የፊት ጥርሷን አውልቃ በተናገረች ቁጥር ታፏጫለች፤ ለአለቃችሁ ጥሩ ጓደኛ ትሆነዋለች።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም እንዳትዪኝ። ስልኩ ሲደወል ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ እማዬ ታለቅሳለች፣ ከዚያ አባዬ ጮክ ብሎ የአየሩን ሁኔታ ይጠይቅሻል፣ ከዚያ ትንሿ ትነጥቀዋለች። እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ከቦኝ ስለሚያየኝ «ደህና ነኝ» ብዬ እመልሰዋለሁ። በወረቀት ግን ማንም አያየኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

እማዬ «ኮሌጅ ገባችልሽ!» ያለችሽ ቀን በደስታ ጮኸሽ ነበር። ግቢው የኮሌጅ ግቢ ነው እንጂ እኔ የገባሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመም፣ ልጆቹን ያሳደገም፣ ማንም የሚገባበት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ነው። ትምህርቱን በፈረንጅ አፍ ዴስክቶፕ ፐብሊሺንግ ይሉታል። መምህራችን ግን በመጀመሪያው ቀን፣ «እኛ እዚህ የምንማረው ወረቀትን ለሰው ዓይን ማሰናዳት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቁልፍ መጫን ነው» አሉን። ክፍላችን ከእንጨት ሥራው ክፍል ጀርባ ስለሆነ ሲገቡ የተላገ እንጨት ይሸታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማተሚያው ሲሞቅ የትኩስ ወረቀት ሽታ ይተካዋል። እኔ የምቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ «መ» የሚጻፍበት ቁልፍ ተነቅሎ በቦታው የሸሚዝ ቁልፍ ተለጥፎበታል። መጀመሪያ ቀን ሳየው አንቺ የሰፋሽው መስሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

መምህራችን ዕድሜያቸው ከእማዬ ትንሽ ከፍ ይላል። ብዙ ዘመን ማተሚያ ቤት ሠርተዋል። መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ የብረት ማስመሪያ ከእጃቸው አይለይም፤ ሰው ለመምታት እንዳይመስልሽ፣ በሚያልፉበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ ሲለኩበት ነው። አንድ ቀን የኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው የለጠፈው «መግቢያ በዚህ ነው» የሚል ወረቀት ተጣሞ አይተው አቃኑለት። በማግስቱ ዘበኛው ራሱ ማስመሪያ ይዞ አገኘነው።

አብረውኝ ከሚማሩት ሁለቱን ብቻ ልንገርሽ፣ ሌሎቹን ሌላ ጊዜ። አንደኛው ቀድሞ የታክሲ ረዳት የነበረ ጎረምሳ ነው፤ ድምፁ ከእንጨት ሥራው መጋዝ ስለሚበልጥ «ጡሩምባ» ነው የሚባለው። እኔን ደግሞ እሱ ነው «ሚስ ጭጭ» ብሎ ስም ያወጣልኝ። ሁለተኛው በአባዬ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጽሕፈት መኪና ደብዳቤ ሲመቱ የኖሩ ስለሆኑ «ጋሼ ታይፕ» እንላቸዋለን። ኪቦርዱን ሲመቱት ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። መስመሩ ሲያልቅ ግራ እጃቸው ከፍ ብሎ አየሩን ይገፋል፣ ከዚያ ትዝ ይላቸውና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ይከቱታል።

አንዴ ቆይ፣ ሰው መጣ።

ተመለስኩ። ሻማና ክብሪት ነበር። የት ደረስኩ? አዎ፣ ጡሩምባ። አንድ ቀን ለፀጉር ቤት ማስታወቂያ ሥሩ ተባልን። እሱ ስድስት ዓይነት የፊደል ቅርጽ ተጠቅሞ፣ ሁሉንም ቀይ፣ ሁሉንም ደማቅ አድርጎ፣ በአራቱም ማዕዘን መቀስ ሥሎ አመጣ። መምህራችን መነጽራቸውን አደረጉና፣ «ልጄ፣ አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥለህ ነው እንዴ? የሁሉንም ሰፈር ስም በአንድ ትንፋሽ ትጠራለህ፤ ተሳፋሪው የትኛውን ሰምቶ ይሳፈር?» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ነው። እሳቸው ግን ስቀው አልተዉትም። አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡና አንድ በአንድ እንዲያነሳ አደረጉት። አንድ ነገር ባነሳ ቁጥር፣ «አሁንስ ምን ጎደለ?» ይሉታል። «ምንም» ይላል። «እንግዲያው ድሮም አያስፈልግም ነበር» ይሉታል። በመጨረሻ የፀጉር ቤቱ ስም፣ የሚከፈትበት ሰዓትና ስልኩ ብቻ ቀሩ። ጠዋት ተጠርጎ ውኃ የተረጨበት ግቢ መሰለ። ጡሩምባ ራሱ ድምፁን ቀንሶ፣ «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት?» አለ።

ህዳግ የሚባለውንም እንደዚሁ ነው ያስተማሩን። ህዳግ ማለት በገጹ ዙሪያ ሳይጻፍበት የሚተወው ባዶ ቦታ ነው። እኛ ወረቀት ማባከን መስሎን እስከ ጫፍ ድረስ እንሞላው ነበር። እሳቸው ምንም ሳይሉ አትመው ሰጡንና፣ «በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡልኝ» አሉን። ማንበብ ስንጀምር የእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ በአውራ ጣታችን ተሸፈነ። ጋሼ ታይፕ ጣታቸውን ሲያነሱ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ሲይዙ ቃሉ ይጠፋል። «አውራ ጣትዎ ስንት ቃል በላ?» አሏቸው መምህራችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጀርባቸው «እትዬ ህዳግ» እንላቸዋለን። ሳያውቁት አይቀሩም፤ አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጡሩምባ ሲጽፈው ከኋላው ቆመው፣ «ከግራ በኩል ትንሽ ቦታ ተውለት» ብቻ ብለው አልፈዋል።

እታለሜ፣ አሁን ይህን ደብዳቤ ስትይዢ በግራና በቀኝ ሰፊ ባዶ ቦታ ታያለሽ። የምጽፈው አጥቼ አይደለም። በመርፌ የተወጋጋው አውራ ጣትሽ የሚያርፍበት ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩላቸውን ደግሞ ልንገርሽ። ሥራችንን ስንጨርስ ማርክ አይሰጡንም። አትመው ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፉትና የሚያልፈውን ሰው ይጠራሉ። አንድ ቀን ጋሼ ታይፕ የስብሰባ ጥሪ ሠርተው ነበር። ከእንጨት ሥራው ክፍል አቧራ ለብሶ የወጣ አንድ ልጅ ተጠርቶ እንዲያየው ተደረገ። አየውና «ቆንጆ ነው» ብሎ ሄደ። መምህራችን ወደ እኛ ዞረው ምን እንዳየን ጠየቁን። ጋሼ ታይፕ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ምን ይታያል፣ ወደደው እንጂ!» አሉ። እሳቸው ግን፣ «አፉን ሳይሆን ዓይኑን እዩ። ዓይኑ እስከ ታች ወርዶ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ተመለሰ። ስብሰባው የሚሆንበትን ቀን ፈልጎ አጥቶት ነው። ሰው አልገባኝም ማለት ያፍራል፤ ዓይኑ ግን አያፍርም» አሉ። ጋሼ ታይፕም ወረቀቱን ነቅለው ገቡና ቀኑን ከላይ አወጡት።

እኔም የልጁን ዓይን አይቼው ነበር። ያልኩት ነገር የለም እንጂ ልክ እንደሳቸው ነው ያየሁት። ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ ዓይን ዓይኑን ሳይ እንደኖርኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እማዬ «አታፍጪ!» እያለች ስንቴ ቆንጥጣኛለች። ይሄ ነገር ለሥራ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት የሚነካ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ሱቁም ጭር ብሏል።

ትንሽ መጽሐፍ ስንሠራ መምህራችን ኮምፒውተር አያስነኩንም። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ያሳጥፉናል። ስምንት ገጽ ላላት መጽሐፍ ሁለት ወረቀት እኩል ለሁለት አጥፈሽ አንዱን በሌላው ውስጥ ትከቺያለሽ፤ ከዚያ እንደ መጽሐፍ እየገለጥሽ በእርሳስ ቁጥር ትጽፊበታለሽ። መልሰሽ ስትዘረጊው ግን ጉዱ ይታያል፤ አንደኛው ገጽ ከስምንተኛው ጎን ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ጋሼ ታይፕ ተቆጥተው፣ «መጀመሪያና መጨረሻ ጎረቤት የሚሆኑት በየት አገር ነው?» ብለዋል። ጡሩምባ ደግሞ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አዟዙሮ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ነገር አገኘ። እኔን ግን ብዙም አልገረመኝም። አንቺ እጅጌ በግልባጩ ሰፍተሽ ስትመልሺው አጠገብሽ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ለኦቾሎኒ ወረቀት ስጠቀልልም እጄ ማጠፍ ለምዷል። የእኔን ጨርሼ የጎረቤቶቼን ሳስተካክል መምህራችን እያዩኝ ኖሯል፤ አላስተዋልኩም።

ባለፈው ዓርብ ነው ነገሩ የሆነው። እዚያው አጠገባችን ካለው ጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር መጥታ፣ ለወለዱ እናቶች የሚታደል ስለ ሕፃን አያያዝ የሚናገር ስምንት ገጽ መጽሐፍ እንድንሠራላት ለምና ነበር። ሁላችንም ተካፍለን ሠራነው፤ እኔ የደረሰኝ እናት ሕፃኗን ስታጥብ የሚያሳየው ገጽ ነው። ዓርብ ከሰዓት እናቶቹ ስለሚሰበሰቡ ሲስተሯ ልትወስደው መጣች። ጠዋቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ገና አልታተመም። መብራቱ ሲመጣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን እያየች ነበር። ለወትሮው መምህራችን አንድ ቅጂ ብቻ ያትማሉ፣ ያጥፋሉ፣ ገልጠው ያያሉ፤ ከዚያ ነው ሌላውን የሚያሳትሙት። ያን ቀን ግን የሲስተሯን ፊት አዩና፣ «በሉ ልቀቁት» አሉ። ማሽኑ ሁሉንም አትሞ ጨረሰ።

ጡሩምባ የመጀመሪያውን አጥፎ ለሲስተሯ ሰጣት። ሽፋኑን አይታ ፈገግ አለች። ገለጠችው። ከዚያ መጽሐፉን ገለበጠችው። እንደገና ገለበጠችው። ለካ ማሽኑ ወረቀቱን በአጭር ጎኑ ማገላበጥ ሲገባው በረጅም ጎኑ አገላብጦት፣ ሽፋኑ ቀጥ ብሎ ሳለ ቀጥሎ ያለው ገጽ በአናቱ ቆሟል። እናትየዋ ተዘቅዝቃ፣ ሕፃኑ ተዘቅዝቆ፣ ውኃው ከላይ። ሁሉም ቅጂ እንደዚያው ነው። ጡሩምባ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሲስተር፣ ይሄ እኮ ሕፃኑ ሳይወለድ በፊት ያለውን ነው የሚያሳየው» አላት። እሷም መቻል አቅቷት ሳቀች፤ እኛም አፋችንን ይዘን ሳቅን።

እኔ ግን እየሳቅኩም የመምህራችንን ፊት አይ ነበር። እኔ ብሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ከዚያ በየቀኑ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እጠፉ እጠፉ እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ከርሜ ዛሬ እኔው ሳላጥፍ ላክሁት» አሉ። ንብረት ክፍል ሄደው ሌላ ወረቀት ማምጣት ነበረባቸው። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ብታዪው፣ ወረቀት ሲሰጥ ከገዛ ቆዳው ላይ የሚልጡበት ነው የሚመስለው። ጡሩምባ አዘነላቸውና፣ «ቲቸር፣ መብራት ነው ያበላሸው በሏቸው፤ መብራት መልስ አይሰጥም» አላቸው። «መብራት ያልሠራውን ስንት ጊዜ ይሸከማል?» ብለው ወጡ። ጩኸቱ እኛ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር፤ የእሳቸው ግን አልተሰማም። ወረቀቱን ታቅፈው ሲመለሱ ከተበላሹት አንዱን አነሡና ግድግዳው ላይ፣ ከጥሩ ጥሩ ሥራዎቻችን መካከል ለጠፉት። ከሥሩ በእርሳስ «የመምህሯ ሥራ» ብለው ጻፉበት። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ከዚያ አንድ ቅጂ ብቻ አተሙ። ከማሽኑ አወጡት፣ ጡሩምባን አለፉት፣ ጋሼ ታይፕን አለፉት፣ መጥተው እኔ ፊት አስቀመጡት። «አንቺ እጠፊው» አሉኝ። ሁሉም ከበበኝ። የወረቀቱን ጫፍና ጫፍ አገናኘሁ። በጥፍሬ ተጫንኩት፣ አንዱን በሌላው ውስጥ ከተትኩት፣ ገለጥኩት። እናትየዋ በእግሯ ቆማለች። ራሴን ነቀነቅኩ። መምህራችን አልተንቀሳቀሱም። እንደገና ነቀነቅኩ። «ማሽኑ ራስ ሲነቀነቅ አያይም፤ በአፍሽ በይው» አሉኝ። ሲስተሯ በሩ ላይ፣ ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ። «ይታተም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ጡሩምባ ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ «ሚስ ጭጭ ተናገረች! የምሥራች!» እያለ እንጨት ሥራ ክፍል ድረስ አሰማ። ጋሼ ታይፕ አጨበጨቡልኝ። ሲስተሯ ስብሰባዋ ሳይበተን ይዛው ደረሰች።

እንግዲህ ዛሬ የጠየቁኝ ይህን ነው። የእኛ ሥልጠና በዚህ ሳምንት ያልቃል፤ ነገ ደግሞ አዲሶቹ ይጀምራሉ። መምህራችን ለሚቀጥለው ዙር ከመካከላችን አንድ ረዳት ሊያስቀሩ ይፈልጋሉ። ረዳት የሆነ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል፣ ኮምፒውተሩንም ይሠራበታል፣ ሌላም ይማራል። ወረቀት ይዤ ስወጣ ጠሩኝና፣ «ነገ ለአዲሶቹ አስተጣጠፉን አንቺ ታሳያቸዋለሽ። እኔ ከኋላ ነው የምቆመው። እኔ ሳሳያቸው ‹እሳቸው ስለሚያውቁ ነው› ይላሉ፤ አንቺ ስታሳዪያቸው ‹እኛም እንችላለን› ይላሉ። ከወደድሽው ረዳቴ ሆነሽ ትቀጥያለሽ» አሉኝ። ጡሩምባ ሰምቶ፣ «እሷ ካልፈለገች እኔ አለሁ፤ ረዳትነት እንደሆነ የኖርኩበት ሥራ ነው» አለ። እየቀለደ ነው፣ ግን ቢሰጡት ይሠራዋል፤ እሱ ሰው አይፈራም። እኔ እንቢ ካልኩ ከዓርብ በኋላ ወደ ሱቁ ነኝ። ሱቁን ጠልቼ አይደለም። ግን እዚህ የማየው ወረቀት ሁሉ ኦቾሎኒ የሚጠቀለልበት ነው።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ለምን እንዳቆምኩ ሰው ሲጠይቅ እማዬ፣ «እኔ ታምሜ ሱቁን የሚይዝ ጠፍቶ ነው» ትላለች። መታመሟስ ታማ ነበር። ድና ከተነሣች በኋላ ግን ለምን እንዳልተመለስኩ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። ተነሥተሽ አንብቢ ተብዬ፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ልጆቹ ሲስቁ መምህሩም አብሮ የሳቀው ቀን። ቤት መጥቼ ስነግርሽ አይዞሽ አላልሽኝም፣ አልቅሺም አላልሽኝም። የምትሰፊውን መጋረጃ አንዱን ጫፍ አስያዝሽኝና እስኪመሽ አብረን ሰፋን። ያን ቀን ለማንም እንዳልተናገርሽብኝ አውቃለሁ። አሁንም አዲሶቹ ፊት ስቆም ያ ሳቅ ይመጣብኛል ብዬ ነው የምፈራው። ወረቀቱን ብገለብጠውስ? ቁጥሩ ቢምታታብኝስ?

ለእማዬና ለአባዬ ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኳቸው። እማዬ፣ «ይሄ ሁሉ ኮሌጅ እኔ ኦቾሎኒ ላይ ያስተማርኳትን ለማስተማር ነው?» ብላ ሳቀችና፣ ወዲያው ደግሞ ሻሿን እያስተካከለች፣ «ምን ለብሳ ልትቆም ነው?» ብላ መጨነቅ ጀመረች። አባዬ ተመልሶ ሥራው ላይ ተቀመጠ፣ ሶል ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መጣና ቆዳ የሚያለሰልስበትን የቀንድ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ዳር ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ መስተዋት አስመስሎታል። «ወረቀቱን በሱ ተጫኚው፤ ጥፍርሽ አይበቃም» ብሎኝ ሄደ። አባዬን ታውቂው የለ? ይሄ ለሱ ረጅም ንግግር ነው።

እስካሁን ስጽፍልሽ የቆየሁት ፈቃድሽን ለመጠየቅ ነበር። አሁን ግን መልስሽን የማውቀው መሰለኝ። አንቺ ብትሆኚ ዝም ብለሽ አንዱን ጫፍ ታስይዥኝ ነበር። ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የተዘቀዘቀች እናት ሳስብ አንድ ነገር ይገባኛል። መምህራችን የተሳሳቱት በሲስተሯ ፊት፣ በሁላችን ፊት ነው። ሳቅንም። ቢሆንም የዚያኑ ዕለት እንደገና አተምነው፣ ሰኞም ወደ ክፍል ስንገባ «ቲቸር» ብለን ነው የተቀበልናቸው። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ወደድናቸው። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመኝ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ፤ ግን ይሄው አሁን አጋጠመኝ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ መነጽሩን አትናቂ፣ ዓይን ሌላ የለውም ትልሻለች። አባዬ እንደምን ነሽ ብሎሻል፤ እዚያ ብርድ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሏል። ትንሿ ሦስተኛ ጥርሷ መነቃነቁን እንድነግርሽ አስምላኛለች፤ ይኸው ነገርኩሽ። ዘበኛው አንቺን ባያውቅሽም ደብዳቤ የምጽፍላት እህት እንዳለችኝ ሰምቶ ሰላም በይልኝ ብሏል። ያቺን ሳቂታ ጓደኛሽን በእኔ ስም ሳሚልኝ፤ ለአለቃሽ ሰላምታ የለኝም፣ በፉጨቱ ይኑር። አንቺን ግን ወገብሽንም ዓይንሽንም በመርፌ የተወጋውን ጣትሽንም አንድ በአንድ ሳምኩ። መልስ ስትጽፊልኝ ሌላ ወረቀት አትፈልጊ፤ ከጣትሽ የተረፈው ህዳግ ይበቃሻል፣ እዚያው ላይ ጽፈሽ መልሺልኝ።

ነገ ጠዋት ሱቁን ለእማዬ ከፍቼላት ከሁሉም ቀድሜ ክፍል እገባለሁ። በየወንበሩ ፊት ሁለት ሁለት ባዶ ወረቀት አስቀምጣለሁ። መምህራችን «እህትሽ ምን አለችሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ደብዳቤው ገና አልደረሳትም፤ እኔ ግን እሺ ብያለሁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ የተዘቀዘቀችውን እናት ከግድግዳው ላይ አውርጄ መጀመሪያ እሷን አሳያቸዋለሁ፤ ይስቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ የአባዬን ቀንድ ከኪሴ አወጣና የመጀመሪያውን ወረቀት አጥፋለሁ።

ታናሽሽ